ጆንያዎቹ የተከፈቱበት ተራ

ጥር 22

እነዚህን ደብዳቤዎች ከደብተሬ ጀርባ ሰፍቻቸዋለሁ። የእሱ ዋናዎቹ ናቸው፤ የእኔ ቅጂዎች። ደብዳቤ ስጽፍ ከሥሩ ካርቦን ማስገባት ከንግድ የተማርኩት ልማድ ነው። እኔ የዘር ድንች ነጋዴ ነኝ። እሱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እናታችን ከሞተች በኋላ በእኔ እጅ ያደገ፥ ዛሬ ግን ሩቅ ከተማ ውስጥ ሰብል የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን በሚመረምር ቤተ ሙከራ የሚሠራ። የሚያሳፍረኝን ገጽ አላወጣሁም። ደብተር የያዝኩት "ያን ጊዜ ምን ብለሽ ነበር?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ነው፤ ያ ሰው እኔ ራሴ ብሆንም።

ጥቅምት 6

ወንድሜ፥

ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ሁለቴ ስለጠየቅከኝ ሁለቴ ልመልስልህ፦ ደኅና ነው፤ ደኅና ነው። ሁለት ወር ሙሉ ባለመጻፌ ይቅር በለኝ። ተቀይሜህ አይደለም። የምነግርህ ነገር መልክ እስኪይዝ እየጠበቅኩ ነበር።

አሁን ይዟል። ባለፈው ግንቦት ከዝምተኛው የገዛሁትን አሥር ጆንያ ዘር ለአሥር ገበሬዎች፥ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጆንያ ሸጬ ነበር። ከአሥሩ ማሳ ሰባቱ ጠወለገ። ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን፥ በአረንጓዴነቱ እንዳለ ትከሻውን ጣለ። አምና የጻፍክልኝን ሙከራ በሰባቱም ማሳ አደረግኩ፤ ግንዱን ቆርጬ ጥርት ያለ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልኩት። ነጭ ክር እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ቁልቁል ወረደ። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው።

ዝምተኛውን ታውቀዋለህ፤ ከላይ ከብርዱ ቦታ ዘር የሚያመርተው ሽማግሌ። ድሮ የወደድካት የመምህሯ አባት መሆኑን እንኳ የምትረሳ አይመስለኝም። ዘንድሮ ዕቃ ቤቱ ስገባ ጥግ ላይ ጆንያ የለበሰ ትንሽ ክምር አየሁ። "ይሄስ?" አልኩት። "አይሸጥም።" "ለምን?" ጆንያውን አስተካክሎ ሸፈነው። ሰው ነጋዴ ፊት ድንች ከሸፈነ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

የእኔን አሠራር ታውቃለህ። አፍ ያለውን ይበል፥ እኔ የማምነው ሴንጢዬን ነው። ስረከብም ሳስረክብም ከእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ድንች ለሁለት ሰንጥቄ ውስጡን አያለሁ፤ ዓይን ያለው ግማሽ ይበቅላልና ሁለቱንም መልሼ እከታቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም በዚህ አላታለለኝም። አሁን ግን እንዴት እንዳለፈኝ አላውቅም።

ለዘር ቁጥጥር ቢሮ አቤት ብያለሁ። አቤቱታውን ታኅሣሥ 28 ይሰማሉ። በሽታው ከእሱ ከመጣ ከዘር አምራቾች መዝገብ ለስድስት ዓመት ይሰረዛል፤ በእሱ ዕድሜ ስድስት ዓመት ማለት እስከ መጨረሻው ማለት ነው። ከእሱ ካልሆነ ከመጋዘኔ ነው ይላሉ፥ እኔ እዘጋለሁ። ከሁለት አንዳችን ነን።

ናሙናዎቹን በቢሮው ደንብ መሠረት በቁጥር ብቻ ወደ እናንተ ቤተ ሙከራ ልኬያለሁ። የማን እንደሆኑ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፥ ሥራው በሌላ ሰው እጅ እንዲያልፍ ጠይቄ ነበር። ሌላ ቤተ ሙከራ የለም አሉኝ።

እህትህ

ጥቅምት 19

እትዬ፥

ብልቃጦቹ ደርሰዋል፤ አንድም አልተሰበረ። አጠቃለልሽን ያየ የሥራ ባልደረባዬ "እህትህ ፈንጂ ነው እንዴ የላከችው?" አለኝ። ሳጥኑን ለመክፈት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

እህቴ መሆንሽን ለአለቃዬ ነግሬያለሁ፤ ከእኔ ቀድሞ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈለግኩም። ቁጥር ብቻ ስለሆነ ይበቃል አሉ። እኔ ያነበብኩትን ባልደረባዬ ደግሞ ለብቻው ያነባል።

ከሳጥኑ ጋር በላክሽው ቁራጭ ወረቀት እንዴት እንደምንሠራው ላልሽው፦ በፊት "አጠውልግ ነው" ከማለት ብዙ አናልፍም ነበር፤ ያንን ደግሞ አንቺም በብርጭቆሽ ደርሰሽበታል። አሁን የባክቴሪያውን ሙሉ ጂኖም እናነባለን። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ፊደል ነው። ባክቴሪያው ሲራባ አንዳንዴ አንድ ፊደል ይሳሳታል፤ ስሕተቱ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። ከሁለት ማሳ የመጡትን ጎን ለጎን አስቀምጠን የተለያየውን ፊደል እንቆጥራለን። ጥቂት ከሆነ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ብዙ ሺህ ከሆነ አይተዋወቁም።

አምስት ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እባክሽ በየሳምንቱ አትጠይቂኝ። በቁራጩ ወረቀት መጨረሻ የጠየቅሽኝን ሌላውን ነገር ግን አልመልስልሽም፤ ከድንች ጋር አይገናኝም።

በየማሳው ከስንት ቦታ እንደጀመረ አስታውሰሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 3

ወንድሜ፥

"አዎ" ወይም "የለም" የሚባል ጥያቄ ነበር። ከመምህሯ ጋር ትጻጻፋላችሁ ወይ? "ከድንች ጋር አይገናኝም" የሚለው መልስ ሦስተኛ መልስ ነው፤ እንዲህ ያለውን መልስ ደግሞ ገበያ ውስጥ በደንብ አውቀዋለሁ።

ስንት ቦታ ላልከኝ፦ በሰባቱም ማሳ ከአንድ ቦታ ነው የጀመረው። ከአንድ ተክል። ከዚያ በውሃው ቦይ ቁልቁል ወረደ። ለምን እንደፈለግከው አልነገርከኝም፤ እኔ ግን ደርሼበታለሁ። የተበላሸ ድንች በዝቶበት ሊገላገለው የፈለገ ሰው በአንድ ጆንያ አያጭቀውም፥ ይታወቅበታላ። በየጆንያው አንድ አንድ እያደረገ ይበትነዋል። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ትናንት ቤቱ ሄድኩ። ክምሩ የለም።

"አባባ፥ ያ ድንች የት ሄደ?"

"አለቀ።"

"ማን ጨረሰው?"

"በሬዎቹ።"

"ዘር ለበሬ ሰጡ?"

ቀና ብሎ አየ። ፊቴን አይደለም፥ እጄን ነው ያየው። እንደ ልማዴ ሴንጢዬን ይዤ ነበር። "ላንቺ ነው ዘር" አለና ወደ በሬዎቹ ዞረ። ከዚያ ብጠይቀው ግድግዳው ይመልስልኝ ነበር።

ንጹሕ ሰው "አላደረግኩም" ይላል። ይሄ እሱን እንኳ አይልም።

ሳልጠይቅህ እጠብቃለሁ።

እህትህ

ኅዳር 27

እትዬ፥

መጀመሪያ ይህን። ቁጥር አራትና ቁጥር ዘጠኝ አንድ ናቸው። ተመሳሳይ አላልኩም፥ አንድ። በአንዲት ፊደል እንኳ አይለያዩም። ባልደረባዬ በማሽኑ አሳብቦ ሁለቴ አነበባቸው። እኔ ግን ሳቅኩ። ከአንድ ተክል ቆርጠሽ በሁለት ቁጥር ልከሽልናል፤ አይደል? ሚዛን ስትገዢ የምታውቂውን ክብደት አስቀምጠሽ እንደምትፈትኚው። እሺ፥ ፈተንሽን። አለፍን?

ወደ ውጤቱ። ቢሮውም ዛሬ ስለተላከለት መንገር እችላለሁ። የታመሙት ሰባቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ቢበዛ ሁለት ፊደል ነው። ምንጩ አንድ ነው። ከቁጥር ስምንት ድንችና አፈር ምንም አልበቀለም። አላገኘንበትም ማለት ነው፤ የለበትም ለማለት ግን በቂ አይደለም፤ በሽታው ድብቅ ነው።

አንድ ነገር አስገርሞኛል። በብርድ አገር ድንች ላይ የምናገኘው የዚህ ባክቴሪያ ነገድ ሌላ ነው። ይህ የሙቀት ቦታ ነገድ ነው። ቆላ ውስጥ፥ ብዙ ጊዜ ከሌላ አትክልት ላይ ነው የምናገኘው።

በተለየ ወረቀት ሁለት ነገር ጠይቄሻለሁ። ከደብተርሽ ላይ አይተሽ እንጂ በቃልሽ አትመልሺልኝ።

መምህሯ ባለፈው ወር ጻፈችልኝ። ልታገባ ነው። "ደስ ብሎኛል" ብዬ መለስኩላት፤ ግማሹ እውነት ነው። ስለ አባቷ አንድ ቃል አላነሣችም፥ እኔም አልጠየቅኋትም። ይኸው መልስሽ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 4

ወንድሜ፥

አልፋችኋል። ዘጠኝ ቁጥርን ስለላክሁ ይቅርታ አልጠይቅም፤ አንተም በእኔ ቦታ ብትሆን ትልክ ነበር። ስለ መምህሯ ግን አዝናለሁ። በልጅነትህ ከረሜላ ሲወድቅብህ እንደምታደርገው "ድሮም አልፈልገውም ነበር" እንዳትለኝ እንጂ።

የሙቀት ቦታ ነገድ ያልከው አላስገረመኝም። አላልኩህም? ምርቱ አልሞላ ሲለው ከቆላ ድንች ገዝቶ ቀላቀለበት፤ የተሸፈነው ክምር እሱ ነው። ቁጥር ስምንት የእሱ ነው፥ አሁን ብነግርህ ምንም አይለወጥም። ክምሩን ለበሬ ካበላ በኋላ ዕቃ ቤቱ ንጹሕ ቢሆን ምን ይደንቃል?

ለጥያቄዎችህ። አንደኛው፥ ከደብተሬ ላይ ቃል በቃል፦

"ግንቦት 9። መጋዘን። የዝምተኛው አሥር ጆንያ። በቆረጥኩበት ተራ፦ አንካሳው፥ ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለው፥ መንታዎቹ። ምሳ። ቀዩ፥ የቄሱ ልጅ፥ አናጢው፥ ባለ ቦይዋ፥ ጡረተኛው፥ ሁለት ሚስት ያለው፥ የአናጢው ወንድም። አሥሩም ውስጣቸው ነጭ።"

መንታዎቹ አንድ ማሳ ነው ያላቸው፥ አንድ ጆንያ ነው።

ሁለተኛው። ስለ ጓሮዬ ቲማቲም ምን እንዳስጠየቀህ አልገባኝም። ሰው ስለ ሌባ ሲነግርህ ስለ ድመቱ ትጠይቃለህ። ግን አዎ፥ አንድ ሁለት እግር ጠውልጎብኝ ነበር። ችግኙን ከቆላ ከሚመጡት ሴቶች ነው የገዛሁት። አሁንም ደርቆ ቆሟል፤ ግንዱን ከነሥሩ አፈር ጋር ቁጥር አሥር ብዬ ልኬልሃለሁ። መቼ እንደጠወለገ ከደብተሬ ፈልጌ ያገኘሁትም ይኸው፦

"ግንቦት 9። ለምሳ ቤት ሄድኩ። ቲማቲሙ ጠውልጓል። የወንድሜን የብርጭቆ ሙከራ ሞከርኩ፥ ክር ወረደ። ጎበዝ ነው ልጁ። ተመለስኩ።"

አሁን የማሰማው ነገር አለኝ። ቀኑ ቀርቧል፥ ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 18

(ከደብተሬ።) ከወንድሜ ደብዳቤ የለም። ወንድሜ ሲዋሽ ረጅም ይጽፋል፤ ሲፈራ አይጽፍም። ለማን ነው የሚፈራው? ለሽማግሌው ከሆነ ልጅቷ አሁንም ልቡ ውስጥ አለች። ለራሱ ከሆነ አንድ ነገር አበላሽቷል። ሦስተኛ ሰው አይታየኝም።

ታኅሣሥ 21

እትዬ፥

ስለዘገየሁ ይቅርታ። አንድ ናሙና ብቻ ስለሆነ ከወረፋው አስቀድመን አነበብነው፤ ውጤቱን ካገኘሁ ስምንት ቀኔ ነው። ይህን ደብዳቤ አራቴ ጽፌ አራቴ ቀድጃለሁ።

ቁጥር አሥር፥ ቲማቲምሽ፥ ከሰባቱ ጋር አንድ ነው። ከሦስቱ በአንድም ፊደል አይለይም፤ ከቀሩት በአንድ ወይም በሁለት። ባልደረባዬም ያንኑ አገኘ። ዘጠኝ ቁጥርን በላክሽ ጊዜ ማሽኑ እንደማይዋሽ አንቺው ራስሽ አረጋግጠሻል፤ ስለዚህ ደግሜ አላስረዳሽም።

ግንቦት 9 ቀን ያን ግንድ በምን ቆረጥሽው? መልስ አትጻፊልኝ። አውቀዋለሁ። ካባታችን የተረፈን ያ ሴንጢ ብቻ ነው፤ ሌላ ቢላ አትይዢም።

እኔ የታመሙትን በቁጥር እንጂ በስም አላውቃቸውም። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ቀይ እርሳስ አንሺና በደብተርሽ ላይ ሰባቱን አስምሪባቸው። ሰባቱም ከ"ምሳ" ወዲህ ካሉ ዝምተኛው ሰውዬ ምንም አላደረጉም። አንዱ እንኳ ከምሳ በፊት ካለ ደግሞ እኔ ተሳስቻለሁ፥ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። አንድ ድንች በየጆንያው፥ አንድ ተክል በየማሳው። የተቆረጠውን ግማሽ መልሰሽ ትከቻለሽ፤ እነሱም ይተክሉታል።

ጥፋቱ ግን ያንቺ ብቻ አይደለም። የብርጭቆውን ሙከራ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ብርጭቆው፥ ስለ ውሃው፥ ስለ ክሩ አስረድቻለሁ። ቢላውን እጠቢ የሚል መስመር የለበትም። እዚህ ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ ቢላ በአልኮልና በእሳት እናሳልፋለን፤ እጃችን ስለለመደው አንናገረውም። የፈራሁት ለዚህ ነው።

የቲማቲሙ ናሙና በቢሮው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ አንቺ ለእኔ የላክሽው ነው። ቢሮው የሚያየው ሰባቱ ከአንድ ምንጭ መሆናቸውን ብቻ ነው። የግንቦት 9ን ገጽ ካንቺና ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም። የጻፍሽልኝን ቅጂ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። እኔ ጋ ምንም አልቀረም።

ወንድምሽ

ጥር 12

ወንድሜ፥

የእግዜር ሰላምታ ሳላስቀድም ስለጀመርኩ አትቀየመኝ። በመጀመሪያ የምመልስልህ ነገር አለ። ወረቀቱን ለምን እንደመለስክልኝ ገብቶኛል። ለእኔ አስበህ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳታስብልኝ። ብልቃጥ አምኜ ሰጥቼሃለሁ፤ ለእህትህ ሲባል አንድ ወረቀት ከጎደለ ለሌላው ሲባል ሌላ ይጎድላል፥ ያኔ አምስት ሚሊዮኑ ፊደል ምን ያደርግልናል?

ቀይ እርሳሱን ያነሣሁት ደብዳቤህ በደረሰ ዕለት ነው። ቀዩን አሰመርኩ። የቄሱን ልጅ አሰመርኩ። አናጢው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፥ ግን ጨረስኩት። ሰባቱም ከምሳ በኋላ ነበሩ። ያንን ገጽ ከግንቦት ወዲህ ስንቴ እንደገለጥኩት አላውቅም። ማን ወሰደ የሚለውን እንጂ መቼ ቆረጥኩ የሚለውን አንብቤ አላውቅም።

ከዚያ ቀኑ እስኪደርስ አሰብኩ። ቅዱስ ሆኜ እንዳይመስልህ። ገጹን ብቀድደው ምን ይሆናል ብዬ በደንብ አስቤበታለሁ። ሰውዬው ይሰረዛሉ። እኔ እነግዳለሁ። ለከርሞ ግን ንጹሕ ዘር ከማን ልግዛ? በአካባቢው የማውቀው አንድ ንጹሕ ዕቃ ቤት የእሳቸው ነው፤ ያንን የነገርከኝ አንተ ነህ። ሌላ ምክንያት እንዳለኝ ለራሴም አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 28 ደብተሩን ይዤ ገባሁ። ሽማግሌው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በስተኋላ ተቀምጠዋል። የታመመባቸው ሰባቱም አሉ። ሰብሳቢው "አቤቱታሽን አስረጂ" አለኝ። ስለ ቲማቲሙ ተናገርኩ፥ ገጹን አሳየሁ፥ ሴንጢውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ማንም አልነካውም። አናጢው ተነሥቶ "ቆይ፥ በሽታችን አንቺ ነሽ ማለት ነው?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። ወንድሙ ደግሞ "ያን ሁሉ ጊዜ ስትቆርጪ እያየንሽ ጎበዝ ነች እንል ነበር" አለ። እሱ ነው የከበደኝ።

ሽማግሌው ነጻ ወጡ። መጋዘኔ ለሁለት ምርት ዘመን ዘር እንዳይገባበት ታሽጓል። የሰባቱ ማሳ በቆሎና ስንዴ ብቻ ይዘራበታል፤ የሦስት ዓመቱን ዘር እኔ አቀርባለሁ፥ እነሱ ሳይጠይቁኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሙከራውን ማን እንዳስተማረኝ ጠይቀውኝ ነበር። "ወንድሜ ነው፥ ቢላ ማጠብ ግን ከማንም መማር አልነበረብኝም" ብያለሁ። ስለዚህ አንተም እነዚያን ሁለት ገጾችህን አስተካክለህ እንደገና ጻፋቸው። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለቢሮውም ላክ።

ትናንት ሽማግሌው ዘንድ ወጣሁ።

"አባባ፥ ቀድመው ያውቁ ነበር?"

"ምኑን?"

"ሴንጢውን።"

በጣታቸው ጥጉን አሳዩኝ። "እዚያ የተከመረው ሦስቴ ስትመጪ ከማትወስጂው ጆንያ ሁሉ የቆረጥሽው ነበር። በማን ማሳ እንዳለፈ የማላውቀው ቢላ የነካውን አልተክልም። ለቅሜ፥ ቀቅዬ፥ ለበሬ ነው።"

"ታዲያ አይነግሩኝም ነበር?"

"አንቺ አላመንሽኝም፥ ቆረጥሽ። እኔም አላመንኩሽም፥ ለቀምኩ። ምኑ ይነገራል?"

ከእሳቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው።  ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፥ አዎ ይሁን አይሆንም አላውቅም።

ለዘር ሳይሆን ለመብል የሚሆን አንድ ጆንያ አስጫኑልኝ። አፉን ራሳቸው ሰፉት። ከዚያ ቆመው ጠበቁኝ። "አታይውም?" አሉኝ።

ሴንጢው ኪሴ ውስጥ ነበር። ቀቅዬዋለሁ፥ በአልኮል ጠርጌዋለሁ፤ አንተ እንደምታደርገው በእሳትም አሳልፌዋለሁ። እጄ ኪሴ ገብቶ ጨብጦታል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም፤ ሳልጠየቅ ነበር የምቆርጠው።

"አልቆርጥም" አልኳቸው።

ጆንያው አሁን ከጠረጴዛዬ አጠገብ ነው፥ ይህን የምጽፍልህ እግሬን አስደግፌበት ነው። ጉልበቴ ትንሽ ያመኛል፤ እስካሁን ደኅና ነው ያልኩህ ውሸቴን ነበር። ስፌቱ እንዳለ ነው። ነገ ለምሳ እፈታዋለሁ። እስከዚያ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ያደረ የመጀመሪያው ጆንያዬ ነው።

እህትህ